የተከዜ ራስጌ፤ በላስታ ተራሮች አናት የሚጠራቀመው ውሃና ጥበቃው

በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኘው የላስታ ደጋ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ይበልጥ የሚታወቀው ከዐለት ተፈልፍለው በታነፁት 11 የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ነው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት በላይ፣ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይገኛል። በዚህ ተራራና በአካባቢው ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች አናት ላይ የተኙት ጨፌዎችና ረግረጎች ግን እንደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚጎበኛቸው ቀርቶ በውል የሚያውቃቸውም ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጨፌዎች ግርጌ የሚኖረው አርሶ አደር በበጋ የሚጠጣው፣ ከብቱን የሚያጠጣውና በመስኖ የሚያለማው ውሃ ከእነርሱ ህልውና ጋር የተቆራኘ ነው። ከአገሪቱ 12 ተፋሰሶች አንዱ የሆነው የተከዜ ተፋሰስ የሚጀምረውም ከዚሁ ደጋ ነው። በመሆኑም የላስታን የውሃ መልክዓ ምድር ማወቅ የጂኦግራፊ ትምህርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በመሬት፣ በውሃና በግብርና ሥራ ላይ የተሰማሩ መሥሪያ ቤቶች ውሳኔ የሚሰጡበት ጉዳይ ነው።

ውሃ የሚለያይበት ደጋ

የላስታ ደጋ በአገሪቱ ሁለት ትላልቅ የውሃ አቅጣጫዎች መካከል የተቀመጠ ነው። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ወደ ራያና ቆቦ ሜዳ ይወርዳል። ከዚህ ጠርዝ የሚነሱት እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ወደ ምሥራቅ ፈስሰው የቆቦን ሜዳ ካጠጡ በኋላ በአፋር ቆላ ውስጥ ይቀራሉ፤ ባሕር አይደርሱም። ከሸንተረሩ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ዝናብ ግን በተከዜና በገባሮቹ አማካይነት ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚያመራ ነው። ጎን ለጎን በሚገኙ ሁለት ማሳዎች ላይ የወረደ አንድ ዝናብ አንዱ ወደ አፋር፣ ሌላው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚሄድበት አካባቢ ነው ማለት ይቻላል።

የተከዜ ወንዝ ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ ባለው ከፍተኛ ቦታ፣ በቃጨን ተራራ አቅራቢያ ይነሳል። ከዚያም ከላሊበላ በስተ ደቡብ በኩል ወደ ምዕራብ ከተጓዘ በኋላ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ዋግን በቀኙ፣ የሰሜን ተራሮችን በግራው ትቶ እጅግ ጥልቅ የሆነ ሸለቆ እየቆፈረ ይወርዳል። እንደገና ወደ ምዕራብ ዞሮ ከኤርትራ ጋር የሚያዋስነውን ድንበር ተከትሎ ሑመራ ሲደርስ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ሱዳን ከገባ በኋላ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። አትባራ ደግሞ ናይል ወደ ሜዲትራኒያን ሲጓዝ የሚቀላቀለው የመጨረሻው ገባር ወንዝ ነው።

የወንዙ ርዝመት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ተፋሰሱ በኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ከ80 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በየዓመቱ በአማካይ 8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያፈሳል። በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 300 ሜጋ ዋት ኃይል የማመንጨት አቅም ያለው የተከዜ ኃይል ማመንጫ ግድብ የቆመው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የመያዝ አቅም አለው።

ንጉሥ ላሊበላ የዓባይን ውሃ ወደ ግብፅ እንዳይሄድ አቅጣጫውን ሊያስቀይር አስቦ ነበር የሚል አፈ ታሪክ በውጭ አገር ተጓዦች ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። ከእነዚህም አንዱ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። አፈ ታሪኩ እንደ ታሪክ ማስረጃ የሚወሰድ ባይሆንም፣ የዛጉዌ ነገሥታት መናገሻ የነበረው አካባቢ ውሃ ወደ ሁለት አቅጣጫ ከሚለያይበት ሸንተረር አጠገብ መገኘቱን ያስታውሳል።

ዐለቱ እንደ ጎተራ

የላስታ ተራሮች የተሠሩት ከእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ሰፊ የባሳልት ንጣፍ ፈጥሯል። በሁለት ንጣፎች መካከል አንዳንድ ጊዜ ረጅም ዘመን ስላለፈ፣ በዚያ ጊዜ የተፈጠረው አፈርና አመድ በአዲሱ ፍሳሽ ተቀብሮ እንደ ሸክላ ጠንክሯል። ከሩቅ ሲታይ የተራሮቹ ጎን ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አደራደር የአካባቢውን የውሃ ሥርዓት ይወስናል። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ባሳልት ውስጥ ሠርጎ ይወርድና ውሃ የማያሳልፈውን የሸክላ ንጣፍ ሲያገኝ ወደ ጎን ይሄዳል። ንጣፉ በገደሉ ጎን በሚገለጥበት ቦታ ላይም ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በላስታ ብዙ መንደሮች በገደሎች ግርጌ፣ በአንድ ከፍታ ተሰልፈው የሚታዩት ሰው የሰፈረው ምንጩን ተከትሎ በመሆኑ ነው።

የአካባቢው ቅዱሳት መካናትም ለዚህ ምስክር ናቸው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ በሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገበታዎች ተጠራቅሞ ለጠበልነት ይውላል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ በዋሻ ውስጥ የታነፀው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንደ አካባቢው ትውፊት የቆመው በረግረግ ውሃ ላይ ነው። ሁለቱም ቦታዎች ከላይ በተራራው ላይ የወረደው ዝናብ በዐለቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ተጉዞ የሚወጣባቸው ናቸው።

በአንጻሩ በላሊበላ ከተማ ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ምድቦች የሚለየው የዮርዳኖስ ወንዝ በክረምት ጎርፍ ያወርዳል፤ በበጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቆፈሩት ቦዮች የዝናቡን ውሃ እንዲያስወጡ ታስበው የተሠሩ መሆናቸው የጥንቶቹ ሠሪዎች የክረምቱን ጎርፍ ኃይል ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር ያሳያል። የላስታ ችግር ዝናብ ፈጽሞ አለመኖሩ አይደለም። ዝናቡ በአመዛኙ በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃልሎ መውረዱ፣ የበልጉም ዝናብ የማይተማመኑበት መሆኑ ነው።

የተራራው አናት ምን ይሠራል?

ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ፣ አርሶ አደሩ ውርጭ ብሎ በሚጠራው ክልል፣ ሌሊቱ በጣም ቀዝቃዛ ነው። አስታ፣ ጅብራና ጓሳ የሚበቅሉት በዚህ ከፍታ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም መኖሪያቸው ይኸው ነው። በቅዝቃዜው ምክንያት የሞተው ሣርና ሥር በፍጥነት አይበሰብስም፤ እየተጠራቀመ ጥቁርና ለስላሳ፣ ውሃ የሚይዝ አፈር ይሆናል። ለጥ ባሉና ጎድጎድ ባሉ ቦታዎች ይህ አፈር ውሃ ሲጠራቀምበት ጨፌ ይፈጠራል። ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅለው ጓሳ ደግሞ የዝናቡን ጠብታ ኃይል ይሰብራል፣ የጉሙን እርጥበት ይይዛል፣ ውሃው በላይኛው መሬት ላይ እንዳይሮጥ ያዘገያል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ በትክክል መታየት ይኖርበታል። ረግረጎቹ ስፋታቸው ውስን በመሆኑ የተከዜን አጠቃላይ የውሃ መጠን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው ማለት አይቻልም፤ የወንዙ አብዛኛው ውሃ በክረምት ከመላው ተፋሰስ የሚሰበሰብ ጎርፍ ነው። በክረምት አጋማሽ አንድ ረግረግ አፉ ድረስ ከሞላም ተጨማሪ ዝናብ መያዝ አይችልም። የጨፌዎቹ ጥቅም በመጠን ሳይሆን በጊዜ የሚለካ ነው። በነሐሴ የያዙትን ውሃ በኅዳር፣ በጥርና በግንቦት ይለቅቃሉ። ለአንድ ትልቅ ግድብ ይህ ውሃ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ከተራራው ግርጌ ላለች ቀበሌ ግን የበጋው ውሃ በአመዛኙ ይኸው ነው።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አንድ ምንጭ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በ20 ሰከንድ ይሞላል ቢባል በሰከንድ 1 ሊትር፣ በቀን 86 ሺህ 400 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ለገጠር ነዋሪ በተቀመጠው የ25 ሊትር የቀን ፍጆታ መለኪያ መሠረት ይህ ምንጭ ከ3 ሺህ 400 ለሚበልጡ ሰዎች ይበቃል። ያው ጀሪካን ለመሙላት አንድ ደቂቃ ከፈጀ ግን ውሃው የሚበቃው ለ1 ሺህ 150 ያህል ሰዎች ብቻ ነው። ምንጩ አልደረቀም፤ በአገልግሎት ላይ ያለ የውሃ ተቋም ተብሎም ሊመዘገብ ይችላል። ከተጠቃሚው ሁለት ሦስተኛው ግን ወረፋ የሚጠብቅ ወይም ሌላ ምንጭ ፍለጋ ሩቅ የሚሄድ ይሆናል።

ጨፌ ሲታረስና ሲቦረቦር

ጨፌ የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በግጦሽ ነው። የከብት ብዛት ከመሬቱ አቅም ሲያልፍ ሣሩ ይሳሳል፤ የከብት ኮቴ ለስላሳውን አፈር ይጠቀጥቃል፤ በአንድ አቅጣጫ የተመላለሰበት መንገድም ትንሽ ቦይ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በዚህ ቦይ ይሰበሰባል፤ ከታች ጀምሮም ወደ ላይ እየናደ ቦረቦር ይፈጥራል። ቦረቦሩ ጨፌው መካከል ሲደርስ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ያገለግላል። በዙሪያው ያለው አፈር የያዘው ውሃ ወደ ቦረቦሩ ይንጠፈጠፋል፤ ጨፌው ይደርቃል፤ የደረቀውም ጥቁር አፈር በቀላሉ ይታረሳል። ከታረሰ በኋላ አየር ስለሚያገኘው በፍጥነት ይበሰብሳል፤ ውሃ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል።

በዚህ ሂደት ሁለት ጉዳቶች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ከታች ያለው ምንጭ የበጋ ውሃው ይቀንሳል፤ የክረምቱ ጎርፍ ደግሞ ይበረታል፣ አፈርም ይዞ ይሄዳል። ከላስታ ተራሮች የታጠበው አፈር ውሎ አድሮ የሚያርፈው በተከዜ ግድብ ሐይቅ ውስጥና ከዚያ በታች ባሉት አገሮች ነው። በምንጭ አጠገብ የሚተከለው ባሕር ዛፍም ውሃ በመሳብ ጫናውን እንደሚያባብሰው የውሃ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ነው።

አርሶ አደሩ ወደ ተራራው አናት የወጣው ሳያውቅ ወይም ሳይገደው አይደለም። ከታች ያለው መሬት ለዘመናት የታረሰና የተሸነሸነ ነው፤ አዲስ ጎጆ የወጣ ወጣት ማሳ አያገኝም። ገብስ ብርድን ስለሚችል ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ ሳይቀር ይዘራል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ትዝታም የተገኘውን መሬት ሁሉ ማረስን ከሕይወት ዋስትና እንዲቆጠር አድርጎታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ መድረሱና ከዚያ በኋላም በክልሉ የቀጠለው ግጭት የአካባቢውን ቱሪዝም ክፉኛ በመጉዳቱ፣ ከእርሻ ውጭ የነበረው የገቢ ምንጭ ተዳክሟል። በመሆኑም ጨፌን መጠበቅ አርሶ አደሩን በመከልከል ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይሆንም።

ከመንዝ ጓሳና ከሌሎች አገሮች

በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ለላስታ ቅርብ ምሳሌ ነው። ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በማኅበረሰቡ የቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ቦታው ለዓመታት ከንክኪ ነፃ ተደርጎ ከቆየ በኋላ በሚወሰን ቀን ተከፍቶ ሣሩ ይታጨድ ነበር። ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይውላል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ለውጥ በኋላ በመፍረሱ ቦታው ለጉዳት ተጋልጦ ነበር፤ ኋላ ግን ነዋሪው በራሱ መተዳደሪያ ደንብ የሚያስተዳድረው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። በአቡነ ዮሴፍና በአጎራባቹ በዝጊትና በአቦሆይ ጋራ ተራሮችም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ መቋቋሙ የላስታ ሥራ ከባዶ የሚጀመር አለመሆኑን ያመለክታል።

ከአህጉሪቱ ደቡብ የሌሶቶ ተሞክሮ ይጠቀሳል። ተራራማዋ አገር በካትሴና በሌሎች ግድቦች የምትይዘውን ውሃ ለደቡብ አፍሪካ በመሸጥ ገቢ ታገኛለች። ከግድቦቹ በላይ የሚገኙት የተራራ ረግረጎች በልቅ ግጦሽ ሲጎዱ ግን የግድቦቹም ዕድሜ የሚያሰጋ በመሆኑ አገሪቱ የተፋሰስ ጥበቃን ከውሃ ልማቷ ጋር አያይዛ ለመምራት ተገድዳለች። በደቡብ አሜሪካም የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከመጠጥ ውሃዋ አብዛኛውን የምታገኘው ከአንዲስ ተራሮች የቺንጋዛ ከፍተኛ የሣርና የረግረግ ምድር ነው። ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የተራራ አናት ረግረግ ባዶ መሬት ሳይሆን የውሃ ተቋም አካል ተደርጎ መታየት አለበት።

ሕጉና የሥራ ድርሻው

በሕግ ረገድ መነሻ አለ። የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይደነግግ ነበር፤ የገጠር ውሃ አዘል መሬቶች ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅም ያዝዝ ነበር። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል።

በአፈጻጸም ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። የተዳፋት ገደብ በመሣሪያ ተለክቶ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ጨፌ ግን በባሕርይው ለጥ ያለ ስለሆነ በተዳፋት ገደብ አይጠበቅም። እንዲያውም ከገደላማው ጎን ይልቅ ለማረስ የሚመች ሆኖ ይታያል። ስለሆነም ውሃ አዘል መሬትን መጠበቅ የሚቻለው ወሰኑ አስቀድሞ ተለይቶ በቀበሌ የመሬት መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው። ወሰን ያልተቀመጠለት ጨፌ በይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ወቅት ወል ግጦሽ፣ ባዶ መሬት ወይም ማሳ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

የሥራ ድርሻውም እንደዚሁ ነው። በክልሉ በየዓመቱ በሕዝብ ተሳትፎ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት በብዙ ቦታዎች የተራቆተ ተዳፋት እንዲያገግም አድርጓል። ሆኖም የእርከን ርዝመት በኪሎ ሜትር ሲቆጠር፣ የተተከለ ችግኝ በቁጥር ሲመዘገብ፣ የተጎለበተ ምንጭም እንዲሁ ሪፖርት ሲደረግ፣ ጨፌው በማንኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ግብርናው ከማሳ፣ የውሃው ዘርፍ ከምንጭ፣ የቱሪዝሙ ዘርፍ ከዱር እንስሳቱ ይጀምራሉ፤ ሦስቱን የሚያገናኘው ረግረግ በመካከል ይቀራል።

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ሊፈጸሙ የሚችሉት ሥራዎች ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። የመጀመሪያው ጨፌዎችን ከነዋሪው ጋር ሆኖ መለየትና መከለል ነው። ሁለተኛው ቦረቦር ጨፌው መካከል ከመድረሱ በፊት በድንጋይና በሣር ክትር ማቆም ነው፤ ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ እጅግ ይከብዳል። ሦስተኛው ልቅ ግጦሽን በአጭዶ መመገብ መተካትና የሚታጨደውን ሣር ቅድሚያ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ማከፋፈል ነው። አራተኛው ከምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ነዋሪው በደንቡ እንዲወስን ማገዝ ነው።

አምስተኛው ሥራ ልኬት ነው። በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በየምንጩ አንድ ጀሪካን ለመሙላት የሚወስደውን ጊዜ በየዓመቱ መመዝገብ ሰዓትና ደብተር ብቻ ይበቃዋል። ይህ መዝገብ ለአምስት ወይም ለአሥር ዓመታት ሲጠራቀም ከላይ በተራራው ላይ የተሠራው ወይም የታጣው ሥራ ከታች በምንጩ ላይ ይነበባል። የትኛው ጨፌ ቅድሚያ ጥበቃ እንደሚያስፈልገውም ለውሳኔ ሰጪው በቁጥር ያሳያል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የተከዜ ጥሩ ውሃ የሚገኘው በላስታ ተራሮች አናት ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ስምንት መቶ ዓመታት ያህል የቆዩት ሠሪዎቻቸው ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው በማሰባቸው ጭምር ነው። ያው ጥንቃቄ ዛሬ ከከተማዋ በላይ ወዳሉት ጨፌዎች መሻገር ይኖርበታል። በጥር ውሃ ፍለጋ ሩቅ የምትሄደው የላስታ እናት ጀሪካኗ ቶሎ የሚሞላው፣ በተራራው አናት ላይ ያለው ረግረግ በሰኔ ሳይታረስ ሲቀር ነው።